ዲግሪያችን ክታብ ሲሆን

ብዕር የጨበጠ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ድንጋዩን የሚወረውረው በጠንቋዩና በደብተራው ላይ ነው። እኛም ወርውረናል። «አጉል እምነት ይጥፋ፤ ሕዝባችን ይንቃ» እያልን በየስብሰባው ተናግረናል፤ በዚህችም ጋዜጣ ላይ ሳንጽፍ አልቀረንም። ዛሬ ግን ድንጋዩ ዞሮ ወደ ገዛ ደጃችን መጥቷል። አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም መምህሮቻችን፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ይፍረዱን።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ አራት ሆነን ወደ አገራችን ወደ ኒሯቅ ወረድን። ኒሯቅ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው ወደ ተከዜ የሚያዘነብል ቆላ ስለሆነ የሰዉ ሀብት ከእርሻው ይልቅ ፍየሉ ነው፤ የአበርገሌ ፍየል በዝርያው በአገሪቱ የታወቀ መሆኑን የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች ያውቃሉ። በጦርነቱ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ቀየውን ጥሎ በሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ኖረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈርሞ፣ ጎጆ መልሶ ይቀናል ሲባል የዚያው ዓመት ክረምት ዝናብ ነሣ። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ሣር ጠፋ፤ ከጦርነቱ የተረፈውም ከብትና ፍየል ያልቅ ጀመር። እኛ የደረስነው እንግዲህ ሰው ከሁለት ወገን ተመትቶ የቀረውን በጣቱ በሚቆጥርበት ሰዓት ነው።

ከአራታችን አንደኛው በከተማ ሳለን «የአስተሳሰብ ለውጥ» እሰጣለሁ ከሚል አንድ ማኅበር ገብቶ ነበር። የማኅበሩን ስም አንጠቅስም፤ አንዱን ብንጠራ የቀሩት ንጹሕ ሊመስሉ ነው። ማኅበሩ ሁለት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ሥልጠና ነው፤ ሁለተኛው በካርቶን የታሸገ፣ ከጉልበት ሕመም እስከ ስኳር በሽታ ሁሉን ያሽላል የሚባል ዱቄት ነው። ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ሌላ ሁለት ሰው ሲያስገባ ገንዘብ ይታሰብለታል፤ ሁለቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ሲያስገቡ ይጨመርለታል። ጓደኛችን ከሰቆጣ አንድ አሠልጣኝ ሊያስመጣ መሆኑን ነገረን። እኛ ሦስታችን አልተቃወምንም። እንዲያውም ከአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍል ለምነን ያስፈቀድን እኛ ነን። በካርቶን ላይ «በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነፃ ሥልጠና» ብለን ጽፈን ከገበያው መግቢያ የሰቀልንም እኛ ነን። ለምን አደረጋችሁት ብንባል ጓደኛን ላለማስቀየም ነው እንላለን። ጥቂትም አምነን ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

አሠልጣኙ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ መጣ። ስድሳ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። ንግግሩን የጀመረው ከዱቄቱ አይደለም፤ ከአንጎል ነው። «የሰው ልጅ የሚጠቀመው ከአንጎሉ አሥር በመቶውን ብቻ ነው፤ ዘጠናው ተኝቷል» አለ። ቀጥሎ በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ተደረገ ጥናት ነገረን። ከዚያ ዓመት ተመራቂዎች ግባቸውን በወረቀት የጻፉት ሦስት በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ የነዚህ የሦስቱ ሀብት ከዘጠና ሰባቱ ሀብት በልጦ ተገኘ አለ። ከዚያ «ድህነት ያለው በኪስ አይደለም፤ እዚህ ነው» ብሎ በጣቱ ግንባሩን ነካ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አማርኛ አጥርተው ለማይሰሙት አንድ የአገር ልጅ በኽምጣኛ ይተረጉም ነበር። አሠልጣኙ «ኢነርጂ» ባለ ቁጥር ልጁ ይቸገራል። መጀመሪያ ጉልበት ብሎ ተረጎመው፤ ነገሩ አልገጥም ሲለው ኃይል አለው፤ በሦስተኛው ጊዜ መንፈስ አለው። እኛ ያን ጊዜ ተያይተን ሳቅን። ኋላ ስናስበው ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚባለውን ነገር በትክክል የተረዳ እርሱ ብቻ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ እንግዲህ ዝናቡም የቀረው በኛ አእምሮ ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዳንድ ሰው ሳቀ። አሠልጣኙ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሉታዊ አስተሳሰብ የሚባለው ይኸው ነው፤ እስቲ ለአባታችን አንድ ጊዜ እናጨብጭብላቸው» አለ። ተጨበጨበ። ሽማግሌው ተቀመጡ። ካጨበጨቡት መካከል እኛም ነበርንበት።

በዚያን ዕለት መመርመር የነበረብንን ነገር ዘግይተንም ቢሆን እንመርምረው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ሲሆን፣ ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻውን ይበላል። ዘጠና በመቶው ተኝቶ ለሚውል ሠራተኛ ይህን የሚያህል ቀለብ የሚሰፍር ቤት የለም። ደግሞም በአንጎሉ ጥቂት ቦታ ላይ ደም የፈሰሰበት ሰው አንደበቱ ወይም እጁ ሲያዝ እናያለን፤ አብዛኛው ክፍል ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ጉዳት ምንም ባላመጣ ነበር። የዬል ጥናትስ? ዬል ራሱ ፈልጎ አጥቶታል። በ1953 ተመራቂዎች ላይ እንዲህ ያለ ጥናት አለመደረጉን የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አስታውቋል። ያልተደረገ ጥናት ውቅያኖስ ተሻግሮ ኒሯቅ ገባ ማለት ነው። ለአንዲት የሴሚስተር ጽሑፍ ምንጭ አልጠቀሳችሁም ተብሎ ነጥብ የሚቀነስብን እኛ፣ በስድሳ ሰው ፊት ምንጩን ሳንጠይቅ ቀረን።

ዝም ያልነው ለምንድር ነው? ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ውጤቱን በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያስተያዩ ጠየቀ። መልሱ በዐይን የሚታይ፣ ሕፃን የማይስተው ነው። ነገር ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር የቀሩት ሁሉ አስቀድመው ተመክረው ነበርና አውቀው የተሳሳተውን መለሱ። በዚህ ዐይነት ከተፈተኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዐይናቸው ያየውን ትተው ከጉባኤው ጋር ተስማሙ። የሙከራው ሌላው ክፍል ደግሞ ለኛ ነገር የበለጠ ይጠቅማል። ከጉባኤው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ የተፈታኙ መሸነፍ እጅግ ይቀንሳል። በኒሯቅ ያ አንድ ሰው ተነሥቶ ነበር። ጭብጨባው የተጠራው ሁለተኛ ሰው እንዳይነሣ ነው። በኋላ እንደሰማነው አሠልጣኞቹ ይህን በጽሑፍ ይማሩታል፤ ጠያቂ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ መምሪያ አላቸው።

ከምሳ በኋላ «የባሕርይ መመርመሪያ» የሚባል ወረቀት ታደለ። ማንበብ ለማይችሉት እኛ አነበብንላቸው፤ መልሳቸውንም እኛ ሞላንላቸው። አሠልጣኙ ወረቀቱን ሰብስቦ ጥቂት ካየ በኋላ እያንዳንዱን ሰው እየጠራ በጆሮው ይነግረው ጀመር። የወጣው ሁሉ «እንዴት ዐወቀኝ!» እያለ ወጣ። እኛም ገባንና ተነገረን፤ የተነገረንን ማታ ስንተያይ ከቃላት በቀር ልዩነት አልነበረውም። በውስጥህ ገና ያልተጠቀምህበት ብዙ ችሎታ አለ፤ ከውጭ ጠንካራ ትመስላለህ፣ ውስጥህ ግን ይጨነቃል፤ ሰዎች ደግነትህን አልተረዱልህም። ይህ የማይመለከተው ሰው ከወዴት ይመጣል? በርትራም ፎረር የተባለ መምህር በ1948 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በተማሪዎቹ ላይ ሞክሮታል። 39 ተማሪዎች የባሕርይ ፈተና ከወሰዱ በኋላ ለያንዳንዳቸው «የግል ውጤት» ሰጣቸው፤ ትክክለኛነቱንም ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ሁሉም አንድ ዐይነት ጽሑፍ እንደደረሳቸው፣ አብዛኛውም ከአንድ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተቀዳ እንደሆነ ገለጸላቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ የተታለሉት የሥነ ልቡና ትምህርት ተማሪዎች ናቸው። የመታለሉ ምክንያት መሃይምነት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ በቀለለ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። በሠፈራችን አንዲት እናት አሉ። ከድርቁ በፊት ወደ አርባ የሚጠጋ ፍየል ነበራቸው፤ በዚያ ክረምት የቀሯቸው ሰባት ነበሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከሥልጠናው በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱን ፍየሎች ሸጠው፣ ለመመዝገቢያና ለዱቄቱ 6,500 ብር ከፈሉ። ገንዘቡን የቆጠረላቸው ጓደኛችን ነው፤ ስማቸውን በቅጹ ላይ የጻፍነው ግን ከኛ ከሦስቱ አንዳችን ነን። ሁለት ሰው ማስገባት አልቻሉም፤ ማን ይገባላቸዋል? ጎረቤቶቻቸው ከርሳቸው የባሰባቸው ናቸው። ዱቄቱን ጨረሱ፤ ጉልበታቸው እንደ ነበረ ነው። በመስከረም ወደ ትምህርታችን ልንመለስ ስንል ልንሰናበታቸው ገባን። ይረግሙናል ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ቡና አፍልተው አስቀመጡንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ ያጎደልሁት እኔ ነኝ መሰለኝ። ማለዳ ማለዳ በሉ ያለንን ቃል ሁለት ቀን ዘልያለሁ። በዚያ ይሆን?»

አሠልጣኙ ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ እኔ ሀብታም ነኝ» ብለው ለ21 ቀን ያለማቋረጥ እንዲሉ አዝዞ ነበር። 21 ቀን የተባለው ቁጥር ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ከጻፈው መጽሐፍ የተነቀለ ነው። ሐኪሙ ያለው ፊቱን የተሠራ ሰው አዲሱን መልኩን ለመላመድ ቢያንስ ወደ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅበት ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገው ጥናት ደግሞ አንድ ልማድ እስኪሠርጽ ከ18 እስከ 254 ቀን፣ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አሳይቷል፤ አንድ ቀን መዝለልም ይህን ያህል ጉዳት እንደሌለው ጨምሮ ገልጿል። ይህን ለእማማ ነገርናቸው። አመኑን ለማለት አንደፍርም።

የዚህ ሁሉ ሥልት ልቡ እዚህ ላይ ነው። ከተሳካ ትምህርቱ ሠራ ይባላል፤ ካልተሳካ ያላመንህ አንተ ነህ። በሁለቱም በኩል ትምህርቱ አይሸነፍም። የሚሸነፍበት መንገድ የሌለው ነገር ሳይንስ አይባልም፤ ይህን በአንደኛ ዓመት ተምረናል። ለኛ የፈተና ጥያቄ የሆነው ነገር ግን ለእማማ ሌሊት የሚያስነቃ ጸጸት ሆነ። ድርቁ ፍየላቸውን ወሰደ፤ እኛ ደግሞ ጥፋተኛዋ እርስዎ ነዎት የሚል ሰው አመጣንላቸው። ጦርነቱም ድርቁም እንዲህ አላሏቸውም ነበር።

ይህ ትምህርት የኛ አገር ሰው ፈጠራ አይደለም። ኤሚል ኩዌ የተባለ ፈረንሳዊ የመድኃኒት ቀማሚ (1857–1926 እ.ኤ.አ.) መድኃኒቱን አመስግኖ የሰጠው በሽተኛ የበለጠ ሲሻለው ተመልክቶ፣ ሰው ራሱን በቃል እንዲፈውስ ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ጊዜ የሚደገም ዐረፍተ ነገር አስተማረ። እውነት ነው፤ ተስፋ ሕመምን ያቀላል፤ ሐኪሞችም ይህን ያውቁታል። የወባን ተሕዋስ ግን አይገድልም። ከኩዌ በኋላ አሜሪካዊው ቄስ ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1952 እ.ኤ.አ. በጎ ማሰብ ኃይል ነው የሚለውን መጽሐፉን አወጣ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሮንዳ በርን «ሲክሬት» የተመኘኸውን ነገር አሳብህ ራሱ ይስበዋል እያለ ዓለምን ዞረ። የዚህ ዘር መጻሕፍት ዛሬ በአማርኛ ተተርጉመው በየመንገዱ ዳር ይሸጣሉ። በ«ሲክሬት» ፊልም ላይ ከተናገሩት አንዱ፣ ጄምስ አርተር ሬይ፣ በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ወደ 10,000 ዶላር የሚጠጋ የከፈሉ ሰልጣኞቹን በጋለ ድንጋይ በሚሞቅ ዳስ ውስጥ አስገብቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደበት። ከዳሱ ውስጥ ራሳቸውን እየሳቱ ሳሉ ያልወጡት ሰዎች የተማሩ፣ ሀብት ያላቸው ነበሩ።

ገንዘብ የመሰብሰቡንም ጥበብ አገራችን ካየችው ቆይቷል። በ2000 ዓ.ም. ግድም ኩዌስት ኔት የተባለው ኩባንያ በአዲስ አበባ ብዙ ተማሪና ደመወዝተኛ አስከትሎ ነበር። ከሚሸጣቸው ዕቃዎች አንዱ ባዮ ዲስክ የሚባል ክብ መስተዋት ነው፤ ውሃ ቢፈስስበት ለውሃው «ኃይል» ይሰጠዋል ተብሎ ይወራለት ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በሰው ቁጥር ላይ የተመሠረተውን ይህን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ሒሳቡ ይከለክለዋል። እያንዳንዱ ሁለት ሰው ቢያስገባ በ13ኛው ደረጃ 8,192 አዲስ ሰው ያስፈልጋል፤ ኒሯቅን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሰው ከየት እንደሚመጣ ይንገረን። በ20ኛው 1,048,576 ይሆናል። በ27ኛው 134,217,728 ይደርሳል፤ ይህም ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር የአገሪቱን ሕዝብ የሚያህል ቁጥር ነው። ይህን ለማስላት የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አያሻም። የዕቁብ ጸሐፊ ያውቀዋል፤ በዕቁብ የገባው ሁሉ ይወጣል፤ ከገባው በላይ ግን አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ ማንም ዕቁብተኛ ዕጣ ሳይወጣለት ሲቀር ስላላመንህ ነው ተብሎ አያውቅም። ራስን በራስ መርዳት የሚባለው ነገር እውነተኛ መልኩ በአገራችን ይኸው ዕቁቡና ዕድሩ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ረቂቅ አይተው «ታዲያ ጸበሉንስ? ክታቡንስ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጸበል የሃይማኖት ነገር ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ በሳይንስ ስምም አልመጣም። አደጋው የሚመጣው አንዱ ሌላውን ተው ሲል ነው። በእንጦጦ ለጸበል የሚመጡ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡበት ጊዜ ነበር፤ ያውም መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሕሙማን ሁለቱንም እንዲወስዱ ተናገሩ። የክታብ ጸሐፊውም ቢሆን ሰፈርተኛ ነው፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ሴት ልጁ ከኛ ጋር ተምራለች። ያጠፋ እንደሆነ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። አሠልጣኙ ላይ ማን ይቀመጥበት? ስልኩ ከመስከረም ወዲህ አይነሣም።

ሁሉን ተዉ የሚል መምህር እስከ ወዴት እንደሚያደርስ በጎረቤት አገር አይተናል። በኬንያ በማሊንዲ አጠገብ በሻካሆላ ጫካ የፖል ማኬንዚ ተከታዮች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት፣ ራሳቸውን ከሆስፒታል አርቀው በጾም ጌታን ልናገኝ ነው ብለው ገቡ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከዚያ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ማኬንዚም ተከሰሰ። ዱቄት ሻጩን ከዚህ ሰው ጋር እኩል ማድረጋችን አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው፤ የሚጠይቀውን ሰው በሽተኛ ማድረግ።

ጓደኛችን እስከ ዛሬ ከማኅበሩ አልወጣም። የማኅበሩ ቢሮ በኅዳር ተዘግቶ ባገኘው ጊዜ ይወጣል ብለን ነበር፤ እርሱ ግን «ይህ የጽናት ፈተና ነው» ብሎ በዶርም ውስጥ የበለጠ መስበክ ጀመረ። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ስላሳተሙት ጥናት የነገሩን መምህራችን ናቸው። አንዲት የቺካጎ ሴት በታኅሣሥ 21 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. የጥፋት ውሃ ይመጣል ብላ ተከታይ አፍርታ ነበር። አንዳንዱ ሥራውን፣ አንዳንዱ ንብረቱን ትቶ ጠበቀ። ውሃው ቀረ። አብረው ተሰብስበው ሲጠብቁ ያደሩት አማኞች በማግሥቱ ተበተኑ? እስከዚያ ቀን ከጋዜጠኛ ይሸሹ የነበሩት ሰዎች ጋዜጠኛ ይጠሩ ጀመር። ብዙ የከፈለ ሰው በከንቱ ከፈልሁ ከሚል ሌላ ሰው ማሳመን ይቀልለዋል። ስለዚህ በጓደኛችን ላይ አንዘባበትም፤ እርሱም ገንዘብ አልቆበታል፤ ከርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መብላታችንንም አልተውንም። ብንተወው የሚቀሩለት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ብዙ አይደለም። በዚህ ዓመት ብቻ በግቢያችን «ማይንድሴት»፣ «የስኬት ምሥጢር» የሚሉ ስንት ማስታወቂያዎች እንደተለጠፉ ዐይን ያለው አይቷል፤ ከነዚህ በአንዳንዱ ላይ የማኅበራችን ማኅተም አለበት። ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት ተናጋሪው ያለ ጭብጨባ ጥያቄ ለመቀበል፣ የሚጠቅሰውንም ጥናት በጽሑፍ ለማምጣት ይስማማ። የሥነ ልቡና ትምህርት ክፍል መምህሮቻችንም አንድ ቅዳሜ ሰጥተውን የፎረርንና የአሽን ሙከራ በኛው ላይ ቢያደርጉብን እንለምናለን፤ በመጽሐፍ ማንበብና በገዛ ራስ ላይ ሲደርስ ማየት አንድ አይደለምና። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች» የሚለውን ቃል በማንም ካርቶን ላይ አንጻፍ። ያ ቃል በኒሯቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ ራሳችን አላወቅንም ነበር። እነዚያ ስድሳ ሰዎች የመጡት አሠልጣኙን ዐውቀው አይደለም፤ ልጆቻችን ያመጡት ነው ብለው ነው።

የእማማን 6,500 ብር ለአራት ከፈልነው፤ ለያንዳንዳችን 1,625 ብር ደረሰ። የሦስታችን ድርሻ ተሰብስቦ በጥር ተልኮላቸዋል፤ እርሳቸውም ላኩት ብለው ያላዘዙንን ገንዘብ አንቀበልም ብለው በስልክ ጥቂት ካስቸገሩን በኋላ አንዲት እናት ፍየል ገዝተውበታል። አራተኛው ድርሻ ገና አልተላከም።